ስለ ዕፀዋት ከውኃ ወደ የብስ መውጣት፤ በደብረ ታቦር ደጋም ስለሚገኙት ምስክሮቻቸው

ሰው የሚበላው እንጀራ፥ የሚለብሰው ሸማ፥ የሚያድርበት ቤት፥ የሚሞቀው እሳት፥ ሲታመም የሚጠጣው መድኃኒት፥ ሲሞትም የሚያርፍበት ሣጥን ሁሉ ከዕፀዋት የተገኘ ነው። ወተትና ሥጋም ቢሆን ሣር በከብት ሆድ ተለውጦ የመጣ እንጂ ሌላ አይደለም። እንዲህ ሲሆን ብዙዎቻችን የሰውን የዘር ሐረግ እስከ ሰባት ቤት እንቈጥራለን እንጂ፥ በየቀኑ የሚመግቡን ዕፀዋት ትውልዳቸው ከየት እንደ መጣ አንጠይቅም። ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጽ ዕፀዋት ከውኃ ወጥተው የብስን እንዴት እንደ ያዙ፥ ለዚህም ምን ዓይነት ጠባይ እንዳስፈለጋቸው በአጭሩ ልንጽፍ አሰብን። ምስክሮቻችንንም ከሩቅ አገር አንጠራም፤ ከደብረ ታቦር ዙሪያ፥ ከአብያተ ክርስቲያናት ቅጥርና ከጉና ተራራ እናቀርባቸዋለን።

መጽሐፈ አክሲማሮስን የተማረ ሰው፥ የዕፀዋት ፍጥረት ከአራዊትና ከሰው ፍጥረት አስቀድሞ በሦስተኛው ቀን እንደ ተነገረ ያውቃል። የዛሬ ዘመን ሊቃውንትም በበኩላቸው ድንጋይን እየሰነጠቁ፥ በውስጡ ታትሞ የቀረውን የጥንቱን ቅጠልና ግንድ እየመረመሩ፥ የብስን ለአራዊት መኖሪያ ያሰናዱት ዕፀዋት መሆናቸውን ይመሰክራሉ። የዘመኑንም ርዝመት በሚሊዮን ዓመት ይቈጥሩታል።

እንደ እነርሱ ቈጠራ ከ470 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፥ በእርጥብ ስፍራ ከሚገኙ ዓይን ከማያያቸው ጥቃቅን ፍጥረታት በቀር የብስ ሁሉ ራቁቱን ነበረ። ተራራውም ሸለቆውም ድንጋይና አሸዋ እንጂ አንዲት ቅጠል አልነበረበትም። በዚያ ዘመን በጣፋጭ ውኃ ዳር ከሚኖሩት፥ ሊቃውንቱ አልጌ ከሚሏቸው አረንጓዴ ፍጥረታት፥ አንዱ ነገድ ውኃው በጐደለ ጊዜ ድርቀቱን መታገሥ ቻለ። ዛሬ በምድር ላይ የምናያቸው ዕፀዋት ሁሉ፥ ከድንጋይ ሽበት ጀምሮ እስከ ዝግባ ድረስ፥ ከዚያ ከአንዱ ነገድ የወረዱ ናቸው።

በውኃ ውስጥ የሚኖር ተክል ባለጸጋ ነው። ውኃው ገላውን ያርሰዋል፥ ምግቡን ያመጣለታል፥ ክብደቱን ይሸከምለታል፥ ዘሩንም ያደርስለታል። ወደ የብስ የወጣው ግን እነዚህን አራቱን ሀብቶች በአንድ ጊዜ እንደ ተነጠቀ ስደተኛ ሆነ። የዕፀዋትም ታሪክ እነዚህን አራቱን ሀብቶች በሌላ መንገድ የመተካት ታሪክ ነው።

አንደኛው ገላን ከድርቀት መጠበቅ ነው። ለዚህ የምድር ዕፀዋት ገላቸውን በስስ ሰም ቀቡ። የባሕር ዛፍን ቅጠል በውኃ የነከረ ሰው ጠብታው ሳይጣበቅ እንደ ዶቃ ሲንከባለል ያያል፤ ይህ የሰሙ ሥራ ነው። ነገር ግን በሰም የታሸገ ቤት ነፋስ አይገባውም፤ ቅጠልም ነፋስ ካላገኘ ምግቡን ሊሠራ አይችልም። ስለዚህ በቅጠሉ ፊት ላይ፥ ይልቁንም በታችኛው ወገን፥ እጅግ የደቀቁ ደጆች አሉበት። በእያንዳንዱም ደጅ ግራና ቀኝ ሁለት በረኞች ቆመዋል፤ ውኃ ሲጠግቡ ይከፍታሉ፥ ውኃ ሲያንሳቸው ይዘጋሉ። በፀሓይ ጊዜ አዝመራ ሲጠወልግ የምናየው፥ ከሥር የሚመጣው ውኃ በእነዚህ ደጆች ከሚወጣው ባነሰ ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ምግብን ከአፈር ማግኘት ነው። በዚህ ረገድ ዕፀዋት ብቻቸውን አልነበሩም። በስኮትላንድ አገር ራይኒ በምትባል መንደር አጠገብ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1912 ዓመት አንድ የድንጋይ ክምችት ተገኘ። በውስጡም 407 ሚሊዮን ዓመት ያህል የሆናቸው ትናንሽ ዕፀዋት ገላቸው ሳይፈርስ ወደ ድንጋይ ተለውጦ ቈይቷል። እነዚህ ዕፀዋት እንደ ዛሬዎቹ ያለ ሥር አልነበራቸውም፤ ነገር ግን በገላቸው ውስጥ የእንጉዳይ ወገን የሆኑ ቀጫጭን ክሮች ታዩ። የእንጉዳዩ ክር ከድንጋይና ከአፈር ጨውን እየለቀመ ለተክሉ ይሰጣል፤ ተክሉም በፀሓይ ብርሃን ከሠራው ስኳር ይከፍለዋል። ይህ ውል እስከ ዛሬ አልፈረሰም፤ የጽድና የዝግባም ሥር ከእንጉዳይ ክር ጋር ተባብሮ ይኖራል።

ሦስተኛው ቀጥ ብሎ መቆም ነው። ተክል ብርሃን ለማግኘት ከጎረቤቱ በላይ ሊወጣ ይፈልጋል፤ ሲረዝም ግን ነፋስ ይጥለዋል፥ ውኃም ወደ ራሱ አይደርስለትም። ለሁለቱም ችግር አንድ መድኃኒት ተገኘለት፤ ይኸውም ግድግዳቸው የጠነከረ ቀጫጭን ቧንቧዎች ናቸው። ቧንቧዎቹ ውኃውን ያወጣሉ፥ ጥንካሬያቸውም ግንዱን ያቆማል። እኛ እንጨት የምንለው የእነዚህ ቧንቧዎች ክምችት ነው። የቤታችን ምሰሶና ማገር ከዚህ የመጣ ነው።

አራተኛው ከሁሉ የሚከብደው ዘርን ማድረስ ነው። ዕፀዋት ለዚህ የሰጡትን መልስ በየደረጃው ለማየት የሚወድ ሰው ከደብረ ታቦር ወጥቶ ደን ወዳለው ወደ አንዱ ጥንታዊ ደብር ይሂድ። መንገዱ አጭር ቢሆንም የብዙ ሚሊዮን ዓመት ታሪክ አለበት።

አስቀድሞ በምንጩ ዳር በድንጋዩ ላይ እንደ አረንጓዴ ፀጉር ተጣብቆ በውኃው የሚወዛወዘውን ያያል። ይህ አልጌ ነው፤ ከውኃ ያልወጡት ወገን ናቸው።

ቀጥሎ በቅጥሩ ካብ ላይ፥ ፀሓይ በማያገኘው ወገን፥ እንደ ስጋጃ የለሰለሰውን አረንጓዴ ይመልከት። የአገራችን ሰው በድንጋይ ላይ የሚወጣውን ሁሉ የድንጋይ ሽበት ይለዋል፤ ነገር ግን ሁለት ዓይነት ነው። ግራጫና ቢጫ ሆኖ እንደ ቅርፊት የደረቀው፥ በደጋ ዛፎችም ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም የሚንጠለጠለው፥ እንጉዳይና አልጌ በአንድነት የሚኖሩበት ነው እንጂ ተክል አይደለም። ለስላሳው አረንጓዴ ግን እውነተኛ የምድር ተክል ነው፤ ጠባዩም ከመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ጠባይ ብዙ አልራቀም። እውነተኛ ሥርና የጠነከረ ቧንቧ ስለሌለው ከምድር ከፍ ሊል አይችልም። ወንዴው ወደ ሴቴው የሚደርሰው በውኃ ላይ እየዋኘ ስለሆነ ያለ ዝናብ ወይም ያለ ጤዛ አይራባም። በበጋ የሞተ ይመስላል፥ ክረምት ሲገባ ግን በጥቂት ሰዓት ይለመልማል።

ከካቡ ሥር፥ ጥላና እርጥበት ባለበት፥ ቅጠሉ እንደ ላባ የተሰነጠቀ፥ አዲሱም ቅጠል ሲወጣ እንደ መቋሚያ ራስ የተጠቀለለ ተክል ይገኛል። ፈረንጆች ፈርን ይሉታል። አበባም ፍሬም የለውም። ልጆች ቅጠሉን ገልብጠው ቢያዩ በታችኛው ወገን በረድፍ የተሰለፉ ቡናማ ነጠብጣቦች ያገኛሉ፤ በእነርሱ ውስጥ እንደ ትቢያ የላመ ዘረ ብናኝ አለ። ፈርን ሥርና ቧንቧ ስላለው ከድንጋይ ሽበት ይበልጣል፤ ከ300 ሚሊዮን ዓመት በፊትም ከፈርንና ከዘመዶቹ ወገን እንደ ዛፍ የረዘሙ ነበሩ። በአውሮፓና በአሜሪካ ከምድር ተቈፍሮ ከሚወጣው የድንጋይ ከሰል ብዙው የዚያ ዘመን ደን ቅሪት ነው። ቢሆንም ፈርንም ለመራባት ውኃ ያሻዋልና ከእርጥበት አይርቅም።

ቀና ብሎ ላየ ሰው ደግሞ ጽድና ዝግባ ቆመዋል። እነዚህ ከውኃ ባርነት ነጻ የወጡት ናቸው፤ ነጻነታቸውም ዘር ነው። ዘር ማለት ስንቁን ይዞ በጠንካራ ሣጥን ውስጥ የተዘጋ የተክል ሕፃን ማለት ነው። የወንዴው ዱቄት በነፋስ ወደ ሴቴው ይበራል እንጂ አይዋኝም፤ ሕፃኑም እስኪዘንብለት ሊታገሥ ይችላል። ዘር የተገኘው ከ360 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ዕፀዋት ከወንዝ ዳር ወደ ደረቁ ኮረብታ ወጡ። ጽድና ዝግባ አበባ የላቸውም፤ ዘራቸውም በእውነተኛ ፍሬ ውስጥ አልተሸፈነም። በሁለቱም ዘንድ ወንዴው ዛፍ ብቻውን፥ ሴቴውም ብቻዋን ትቆማለች። ስለዚህ ከአንድ ደብር ሴቴዎቹ ሁሉ ቢቈረጡ፥ ወንዴዎቹ መቶ ዓመት ቢቆሙም ዘር አይገኝም።

በዙሪያቸው ያሉት ወይራ፥ ዋንዛ፥ ብሳና፥ ጥቁር እንጨትና ኮሶ የአበባ ወገን ናቸው። አበባ በድንጋይ ምስክርነት ከ130 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ የታየ ነው፤ ዛሬ ግን ከምድር ዕፀዋት እጅግ የሚበዙት ባለ አበቦች ናቸው። አበባ ንብን በማር ይጠራታል፤ ፍሬም ወፍን በጣፋጭነቱ ቀጥሮ ዘሩን ያሸክመዋል። ኮሶን ብንመለከት ሴቴዋ አበባዋ የቀላ፥ በቤታችንም ለሆድ ትል መድኃኒት የኖረች ናት፤ ወንዴው ለብቻው ዛፍ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ዓመት ጎንደር ደርሶ ነበርና ኮሶን በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ለአውሮፓ አስታወቀ። እርሱ በተቅማጥ ታሞ ሳለ የዳነበት ዋጊኖስም ዛሬ በሊቃውንት ቋንቋ በስሙ ብሩሲያ ተብሎ ይጠራል።

ሌላውም ጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር ነው። በ1837 ወደ አገራችን ገብቶ በ1878 በዓድዋ እስከ ሞተ ድረስ ዕድሜውን በኢትዮጵያ ፈጸመ። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን በደብረ ታቦርና መድፍ በተሠራባት በጋፋት አካባቢ ዕፀዋት እየሰበሰበ ወደ አውሮፓ ልኳል። ለትል መድኃኒት የምናውቀው እንቆቆ በሊቃውንት መዝገብ የዚህን ሰው ስም ይዟል። ዛሬ የጉና ግርጌ ገበሬ የሚኖርበትን ድንችም በ1858 ገደማ ወደ ኢትዮጵያ ያስገባ እርሱ ነው ይባላል። ዕፅን ስሙንና ጠባዩን ለይቶ ማወቅ ለቤት ምን እንደሚጠቅም ከዚህ ይታያል።

ከቅጥሩ ውጭ በሜዳው ላይ ያለው ሣር ደግሞ ከአበባ ወገን በኋላ ከተነሡት አንዱ ነው፤ አበባው ትንሽ ስለሆነ አይታወቅለትም እንጂ እርሱም ያብባል። ስንዴ፥ ገብስ፥ ማሽላና ጤፍ ሁሉ ሣሮች ናቸው። የጤፍ ፍሬ እጅግ ከመድቀቁ የተነሣ የአንዲት ስንዴ ክብደት ወደ 150 የጤፍ ፍሬ ያህል ነው ይባላል፤ እርሷኑ መርጠው ያላመዱ ግን የኢትዮጵያ ገበሬዎች ናቸው። ሣርን ከሌላው የሚለየው አንድ ታላቅ ጠባይ አለው፤ የሚያድገው ከጫፉ ሳይሆን ከሥሩ አጠገብ ነው። ላም ጫፉን ብትግጠው ከታች ዳግመኛ ይወጣል። የዛፍ ችግኝ ግን የሚያድገው በጫፉ ነውና በላም ጥርስ አንድ ጊዜ የተቀነጠበ ብዙ ጊዜ አይነሣም። ይህን ጠባይ አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ወደ ኋላ ያስፈልገናል።

ከደብሩ ወጥቶ ወደ ምሥራቅ የሚያቀና ሰው ጉናን ያገኛል። ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ የሚነሣ፥ ርብና ጉማራ ከአካባቢው መንጭተው ወደ ጣና የሚወርዱበት ተራራ ነው። ገብሱና ድንቹ ካለቀ በኋላ አስታ፥ ከአስታም በላይ ጓሳና ጅብራ ይታያሉ። የጅብራ ዘመዶች በሌላው ዓለም ብዙዎቹ በጉልበት ቁመት የሚቀሩ ቅጠላ ቅጠሎች ናቸው፤ በአፍሪካ ከፍተኛ ተራሮች ላይ ግን ቀን በፀሓይ ሌሊት በውርጭ ሲፈተኑ ኖረው እንደ ዛፍ ሆኑ። የኛ ጅብራ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አይገኝም። ብዙ ዓመት ኃይሉን ሲያከማች ኖሮ፥ ከሰው ቁመት እጥፍ የሚበልጥ የአበባ ምሰሶ አንድ ጊዜ ያወጣል፤ ዘሩን በነፋስ በትኖም ይሞታል። ደሳለኝ ጫላና ባልደረቦቻቸው በ2016 ባወጡት ጥናት፥ የአየሩ ሙቀት እየጨመረ ሲሄድ የጅብራ ስፍራ እጅግ እንደሚጠብ አስታውቀዋል። ምክንያቱ ግልጥ ነው፤ ሙቀት ያሳደደው የቈላ ተክል ወደ ወይና ደጋ፥ የወይና ደጋውም ወደ ደጋ ሊሸሽ ይችላል፤ በተራራ ራስ ላይ ያለው ግን ከዚያ በላይ የሚሸሽበት ምድር የለውም።

እንግዲህ ክቡራን አንባቢዎቻችን ሆይ፥ ይህን ሁሉ የጻፍነው ለማስደነቅ ብቻ አይደለም። ዛሬ በደቡብ ጎንደር ደጋ ይህ ትውልድ ከድንጋይ ሽበት እስከ ዝግባ በአንድነት የሚገኝበት ስፍራ ጥቂት ሆኗል፤ ይልቁንም የቀረው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ነው። ከአውሮፕላን ሆኖ ያየ ሰው ሜዳውን ሁሉ እርሻ፥ ደብሮቹን ግን እንደ አረንጓዴ ደሴት ያያቸዋል። የደን ሊቁ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከባልደረቦቻቸው ጋር በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን መርምረው 168 ዓይነት ባለ እንጨት ዕፀዋት ቈጠሩ፤ ከእነዚህም 100 ዛፎች፥ 51 ቍጥቋጦዎች፥ 17ቱ ሐረጎች ናቸው። አባቶቻችን ዕፅን ለመመርመር ብለው አልጠበቋቸውም፤ ደብሩን ለማክበር ጠበቁ፤ ጥበቃቸው ግን ለሁለቱም በጀ።

ነገር ግን እነዚህ ደሴቶች በውስጣቸው እያረጁ ነው። ትልልቆቹ ዛፎች ቆመዋል፥ ከሥራቸው ግን ልጆቻቸው አይታዩም። ብዙ ሰው ዘሩ በአፈር ውስጥ ተቀብሮ ይጠብቃል፥ አንድ ቀን ይበቅላል ብሎ ያስባል። ይህ ለአረም እውነት ነው፤ የአረም ዘር በአፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ይቈያል። ፕሮፌሰር ደመል ተክታይ የኢትዮጵያን ደጋ ደኖች አፈር፥ ዶክተር ዓለማየሁም ከእርሳቸው ጋር የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አፈር በመረመሩ ጊዜ ያገኙት ግን፥ በአፈር ተቀብሮ የሚጠብቀው አብዛኛው የሣርና የቅጠላ ቅጠል ዘር መሆኑን ነው። አብዛኞቹ የደን ዛፎች በአፈር ውስጥ የዘር ጎተራ የላቸውም። ዘራቸው በወደቀበት ዘመን ይበቅላል፥ አለዚያም ይበሰብሳል ወይም ይበላል። ስለዚህ እናቲቱ ዛፍ ከተቈረጠች በኋላ ምድር ከሆድዋ የምታወጣው ልጅ የለም።

የበቀለውስ ለምን አይደርስም ቢሉ፥ ስለ ሣር የተናገርነውን ማስታወስ ነው። ከብት ወደ ደኑ ሲገባ ሣሩን ይግጣል፥ ችግኙንም ይቀነጥባል፥ በኮቴውም ይረግጠዋል። ሣሩ ከሥሩ ይነሣል፤ የዝግባው ችግኝ ግን ይሞታል። በየዓመቱ እንዲህ ሲሆን ሰው በመጥረቢያ አንድ ዛፍ ሳይነካ ደኑ ወደ ግጦሽ ይለወጣል። በ2009 በወጣው የዶክተር ዓለማየሁና የባልደረቦቻቸው ጥናት ከብት የማይገባበት አጥር በተሠራ ጊዜ ችግኞች በተሻለ ሁኔታ እንደሚበቅሉና እንደሚተርፉ ተገልጧል። ከዚህም የተነሣ ከአሜሪካዊቱ የዕፀዋት ሊቅ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው፥ ካህናቱና ምእመናኑ የደኑን ዳር በድንጋይ ካብ እንዲያጥሩ ረዱ። ድንጋዩ ከአጠገብ እርሻ የተለቀመ ነውና ለገበሬውም ማረሻውን የሚሰብር እንቅፋት ተነሣለት።

አንዳንድ ሰው፥ ባሕር ዛፍ ሞልቶ ሳለ ስለ ዛፍ ምን ያሳስባል ይላል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራልያ ወገን የመጣው ባሕር ዛፍ ለቤት ሥራና ለማገዶ ትልቅ ጥቅም እንደ ሰጠ አንክድም፤ እርሱ ባይኖር የቀረውም የአገር ዛፍ በምድጃ ባለቀ ነበር። ነገር ግን አንድ ዓይነት ዛፍ የ168ቱን ስፍራ አይተካም። የወተት ዕቃ በወይራ እንጂ በባሕር ዛፍ አይታጠንም፤ ኮሶንም እንቆቆንም ከባሕር ዛፍ ጫካ የሚለቅም የለም።

እንግዲህ የቤት ጌታና እመቤት ሊያደርጉት የሚቻለው ይህ ነው። በሚሳለሙት ደብር የካብ ሥራ ሲታሰብ በገንዘብም በጉልበትም ይርዱ፤ ከብታቸውም ከቅጥር እንዳይገባ እረኛቸውን ያስጠንቅቁ። በጓሯቸው የአገር ዛፍ መትከል ቢወዱ፥ ዘሩን በበሰለበት ወራት ከካህናቱ ፈቃድ ተቀብለው ይልቀሙ፤ ሳይውል ሳያድር በመደብ ይዝሩት፤ ከደን አፈርም ጥቂት ይቀላቅሉበት፤ የእንጉዳዩ ክር ከአፈሩ ጋር ይመጣልና። ጽድና ዝግባ፥ ኮሶም ሲሆን ወንዴና ሴቴ እንዲገኙበት ከአንድ ይልቅ ብዙ ይትከሉ።

ከሁሉ በላይ ልጆችን ማስተማር ይገባል። ልጅ በሰንበት ከወላጆቹ ጋር ወደ ደብር ሲሄድ የምንጩን አልጌ፥ የካቡን ሽበት፥ የፈርኑን ቅጠል፥ የዝግባውን ዘር፥ የኮሶውን አበባ በተራ ያሳዩት፤ ስማቸውንም ያስጠኑት። ስሙን የሚያውቀውን ዛፍ ሰው በቀላሉ አይቈርጥም። ዕፀዋት ውኃን ትተው የብስን ለመያዝ 470 ሚሊዮን ዓመት ደክመዋል፤ በደብረ ታቦር ደጋ የቀረው ርስታቸው ግን በአንድ ትውልድ ቸልታ ሊጠፋ ይችላልና፥ የሚመጣው ክረምት ሳያልፍ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ድርሻውን እንዲያስብበት እናሳስባለን።